ግንባሯ ላይ የነበረው እምነት

የንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአቴን ያውቃሉ። ሐሜቴን ያውቃሉ፤ በአባታችን መሬት ከእኅቴ ጋር ተካስሼ እስከ ዛሬ እንዳኮረፍኋት ያውቃሉ፤ የገደፍሁትን ጾም ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህን አያውቁም። እግራቸው ሥር በተቀመጥሁ ቁጥር አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። "ሌላስ የቀረ አለ?" ይሉኛል። "የለም አባቴ" እላለሁ። ለእሳቸው የደበቅሁትን ለማታውቁኝ ለእናንተ ስናገር ደፋር እመስላችሁ ይሆናል። ደፋር አይደለሁም። ፈርቼ ነው። ዛሬ ፍርሃቴ ከዝምታዬ በለጠ።

ነርስ ነበርሁ። የሥራ ዘመኔን የጨረስሁት ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ዱርቤቴ፣ ኋላም ባሕር ዳር። ባሌ ሲሞትና ጡረታ ስወጣ አንድ ልጄ አንተነህ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ቤቱ ከሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ መጋረጃውን እያነሳ ይገባል። ሚስቱ መቅደስ የአዳማ ልጅ ናት፤ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። መለካት ሥራዋ ነው። ክር ትለካለች፣ ቀለም ትለካለች፣ እቤት ስትመጣ ደግሞ የእኔን አነጋገርና አሠራር ትለካለች። እኔ ነኝ እንዲህ የምለው። ልትፈርዱ ከሆነ የእኔን ብቻ ሰምታችሁ አትፍረዱ፤ ይህችን ልጅ ገና ከመጀመሪያው አልወደድኋትም።

የልጅ ልጄ አርሴማ ስትወለድ በመካከላችን ጠብ የገባው በቴርሞሜትር ነው። ሳቁ ብትሉኝ እኔም እስቅ ነበር፤ መጨረሻውን ባላውቀው። እኔ በእጄ የያዝሁት የድሮውን ባለ ብርጭቆውን ነበር፤ አራግፈው ሜርኩሪውን ዝቅ የሚያደርጉትን። እሷ የገዛችው በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን፣ ሽጉጥ የሚመስለውን ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚገባ አንድ ከጓደኛዋ ተውሳ አምጥታ ነበር። የጨቅላ ጆሮ ጠባብ ነው፣ ትንሽ ጠመም ካለ ሌላ ቁጥር ይሰጥሻል አልኋት። ሰማችኝና መለሰችው። የግንባሩን ግን አልለቀቀችም።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ልጅቷን ሳይነካ ነው የሚለካው። ተኝታም ቢሆን።"

"ላብ ካለባት፣ ነፋስ ከመታት፣ ፀሐይ ላይ ከነበረች ይሳሳታል። የልጅ ሙቀት እውነቱ የሚገኘው በመቀመጫዋ ነው። እሱ ካልሆነ በብብቷ፣ ክንዷን አጥብቀሽ ይዘሽ። የብብቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ያን ማወቅ ነው እንጂ።"

"በመቀመጫዋ ብርጭቆ? እማማ ይሙቱ! ብትወራጭስ? ቢሰበርስ? ሜርኩሪ መርዝ ነው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ይዤዋለሁ፣ ተሰብሮብኝ አያውቅም" አልሁ። ውሸት ነው። ተሰብሮብኝ ያውቃል፤ እንደ እንክብል የሚሽከረከረውን ሜርኩሪ ከሲሚንቶ ላይ በወረቀት የሰበሰብሁበትን ቀን አልረሳም። እሷ ልክ ነበረች። እኔም ልክ ነበርሁ። ሁለታችንም ልክ ሆነን አንድ ቤት ውስጥ መኖር አቃተን።

ልቤ የሻከረው ግን በክርስትናው ዕለት ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ልጅቷን ታቅፌ ሳለ ግንባሯን ዳሰስሁና "ትንሽ ሞቅ ብሏታል" አልሁ። መቅደስ ከወዲያ ሆና እየሳቀች፣ "ስንት ዲግሪ አሉ እማማ?" አለች። ያን ሽጉጧን አምጥታ ደገነችባት፤ ደህና ነበረች። አንዱ እንግዳ፣ የእሷ የሥራ ባልደረባ፣ "ሲስተር ባትሪ ጨርሰዋል!" ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጄም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሕፃናት ክፍል ሲስተር ስባል የኖርሁ ሴት ባትሪ የጨረሰ ዕቃ ሆኜ ሳቅሁ። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ሳይወጡ በሆዴ አንድ ነገር ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ይህ መሣሪያሽ ያዋርድሻል፣ ያን ቀን እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ የሚል። እግዚአብሔር ሰማኝ ማለት እፈራለሁ። የሰማኝ ሌላ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላም ጭቅጭቁ አላባራ ሲል አንተነህ ብርጭቆውን ከእጄ ወስዶ ጣለው። "እማየ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ዱርቤቴ እኅትሽ ዘንድ ትሻያለሽ" አለኝ፤ ቀልድ አስመስሎ። ከእኅቴ ጋር እንደማልነጋገር ያውቃል። መሄጃ እንደሌለኝ ያውቃል። ዳግመኛ ብርጭቆ እንደማልነካ ቃል ገባሁለት። ሌላ ብርጭቆ ግን ነበረኝ፤ በጥጥ ጠቅልዬ የበዓል ቀሚሴ እጥፋት ውስጥ አኑሬው ነበር።

ቀኑ እንዲህ ነው። አርሴማ ድዷ ማሳከክ የጀመረበት፣ ተቀምጣ መጫወት የቻለችበት ጊዜ ነው። መቅደስ ፋብሪካ፣ አንተነህ ሥራ፣ እኔና ልጅቷ እቤት። ከምሳ በኋላ ገንፎዋን እምቢ አለች። ለቅሶዋ ተለወጠ። ነርስ የሆነ ሰው ይህን ለቅሶ ያውቀዋል፤ የረኃብ አይደለም፣ የእንቅልፍም አይደለም፤ ቀጭንና ራቅ ያለ፣ ሳነሳት የሚብስ ነው። ስትታቀፍ የሚብስባት ሕፃን ታስፈራለች። ይህን ለስንት ተማሪ ነርስ አስተምሬአለሁ! ብርጭቆውን አወጣሁ፤ አራገፍሁ፤ ቫዝሊን ቀባሁ፤ በመቀመጫዋ ለካኋት። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል።

ደነገጥሁ። ጎበዝ ነርስ ሕፃኗን ታቅፋ ባጃጅ ትጠራለች። እኔ ምን አደረግሁ? የትኩሳት ሽሮፕ አጠጣኋት። ከዚያ ከደቅ ደሴት የመጣልኝ እምነት፣ የተቀደሰው አመድ፣ ነበር፤ ለንግሥ የሄደች ጎረቤቴ ከገዳም ያመጣችልኝ። በውኃ ለወስሁና ግንባሯን ከቅንድቧ እስከ ፀጉሯ ድረስ ቀባኋት። ስቀባት ከልቤ ጸለይሁ፤ ይህን አትጠራጠሩ። ጥርስ ነው፣ ይበርድላታል አልሁ። ጥርስ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል እንደማያደርስ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ።

መቅደስ መጣች። ልጅቷ በሽሮፑ ትንሽ ረግባ፣ አፏን ከፍታ ታቃስታለች። እናት ናትና አየቻት፤ ፊቷ ተለወጠ። ሮጣ መሣሪያዋን አመጣች። ወደ ግንባሯ አስጠግታ ግን ቆመች። እምነቱ ደርቆ አመድማ ቅርፊት ሠርቷል። ልትጠርገው እጇን አነሳችና መለሰችው። ማን ክርስቲያን ከልጁ ግንባር እምነት ይጠርጋል? ወደ እኔ ዞረች። ቤቷ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ነገር ከልቧ ስትጠይቀኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

"እማማ፣ እምነቱ ለመለኪያው አያስቸግር ይሆን?"

እዚህ ላይ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው። ያ መሣሪያ የሚያነበው የቆዳን ሙቀት መሆኑን፣ በደረቀ አመድ ላይ ሲደገን የአመዱን እንጂ የልጅቷን እንደማይናገር እኔ አውቅ ነበር። ሽሮፕ እንዳጠጣኋትም አውቅ ነበር። ትክክለኛው ቁጥር ሆዴ ውስጥ ነበር። "ጥረጊው፣ እግዚአብሔር አይቀየምሽም" ብላት ያልቅ ነበር። "በብብቷ ልኪ" ብላት ያልቅ ነበር።

"እምነት ምን ያስቸግራል?" አልኋት።

እንዲህ አልሁ። በቅዱስ ነገር ሸፍኜ ዋሸኋት። ተኮሰች፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። "ተመስገን!" አለች። ልጅቷን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "አስደነገጥሽኝ እኮ አንቺ" አለቻት።

ለምን? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ለራሴ ጠይቄአለሁ! እውነቱን ብናገር ብርጭቆውን መደበቄ ይወጣል፣ ቃሌን ማፍረሴ ይወጣል፣ ዱርቤቴ ይከተላል፤ ይህን ፈርቼ ነው እላለሁ። ይህ ግማሹ ነው። ግማሹ ደግሞ፣ ቁጥሩን ሳየው ደስ አለኝ። መሣሪያዋ ተሳሳተ፤ እኔ ልክ ነኝ። ነገ ትኩሳቱ ገሃድ ሲወጣ፣ ያን ሳቅ የሳቁብኝ ሁሉ ይሰማሉ። ሕፃን እየተቃጠለች እኔ ክርክር አሸነፍሁ። ነገ ጧት ወደ ሐኪም ቤት እንድትወስዳት እነግራታለሁ ብዬም አስቤ ነበር። ነገ!

አንድ ሌላ ነገር አለ። ሕፃን በጽኑ ሲታመም መጀመሪያ የምዳስሰው እርግብግቢቱን ነው። አናቱ ላይ ያ ለስላሳ ቦታ ካበጠ ነገሩ የጭንቅላት ነው፣ ጊዜ የለም። ያን ዕለት አርሴማን ሳቅፍ፣ ሽሮፕ ሳጠጣ፣ እምነት ስቀባ፣ እጄ እስከ ፀጉሯ ጠርዝ ደርሶ ቆመ። እርግብግቢቷን አልነካሁም። ብነካው ኖሮ ዝም ማለት አልችልም ነበር። እጄ ዐውቆ ተመለሰ። ስለዚህ አላወቅሁም ልላችሁ አልችልም።

ጧት የቅዳሴው ድምፅ እየተሰማ የመቅደስ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ልጅቷ ዓይኗ ተገልብጦ ትንዘፈዘፋለች። ባጃጅ ውስጥ መቅደስ ታቅፋት እኔ ከጎኗ ነበርሁ። የሐይቁ ዳር ዘንባባዎች በተራ በተራ ያልፋሉ፤ እኔ የምቆጥረው የልጅቷን ትንፋሽ ነው። አንዴ ቆመ መሰለኝ። ጌታ ሆይ ውሰደኝ አልሁ። እንኳን ለመሞት ለመናገርም አልደፈርሁም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። "ትኩሳቱ መቼ ጀመራት?" አለ።

"ትናንት ማታ ለክቻት አልነበራትም" አለች መቅደስ።

"በምን ለካሽ?"

"በግንባሯ።"

ጎንበስ ብሎ አየ። "ይሄ እምነት ያን ጊዜም ነበር? በላዩ ላይ ነው የለካሽው?"

መቅደስ ወደ እኔ አየች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ቆየ። "አማቴን ጠይቄ፣ ነርስ ናቸው፣ ምንም አይልም ብለውኝ" ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

"አዎ፤ አላሰብሁትም" አለች።

"መድኃኒትስ ወስዳለች?"

"ምንም አልወሰደችም።"

እዚያው ቆሜአለሁ። ሽሮፑን ያጠጣው እጄ ነጠላዬን ጨብጧል። ሐኪም የሚጠይቀው ለወሬ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መልሱ ሕክምናውን ይመራል። ያን ጊዜም ዝም አልሁ። አንደኛውን ዝምታዬን በቂም ልታሳብቡልኝ ብትሞክሩ ይህን ሁለተኛውን በምን ታሳብቡታላችሁ?

ማጅራት ገትር ነበር። ከጀርባዋ ፈሳሽ ቀድተው አወቁት። አርሴማ ተረፈች። ግራ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። ሐኪሙ ሊያስወጣን ሲል፣ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ..." ብሎ ተወው። ያልጨረሰውን እኔ ስጨርሰው እኖራለሁ። ቀደም ብንልም ጆሮዋ ይጠፋ ነበር ይሆናል፤ ይህ በሽታ እንዲያ ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን "ይሆናል" የሚለውን ቃል ለመጠጊያ የመጠቀም መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ጥፋቱ ሁሉ በመቅደስ ላይ ወረደ። ልጄ "መለኪያ መለኪያ ስትይ!" ብሎ ጮኸባት፤ እኔ ባለሁበት። ጠያቂ ጎረቤቶች "ሥራ ሥራ ያለች እናት እንዲህ ነው" ይሉ ነበር፤ እየሰማሁ ዳቦ አቀረብሁላቸው። አንዷን ስትናገር ራሴን ነቅንቄ አረጋግጫለሁ። መቅደስ ሥራዋን ተወች። መሣሪያውን ከቁም ሳጥኑ ሥር ወረወረችው። ከሳች። እኔን አንድ ቀንም "እርስዎ እኮ እንዲያ ብለውኝ ነበር" ብላ አልወቀሰችኝም። ኋላ ነው የገባኝ። አዲሱን መሣሪያ የማታውቅ አሮጊት፣ በየዋህነት የመለሰች መስያታለሁ። ሐኪሙ ፊት የሸፈነችኝ ለዚያ ነው። አሮጊት እንዳላፍር።

አርሴማ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ከግራዋ ስጠራት አትዞርም። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስሠራላት፣ ወደ ግራ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ ያደረግሁትን በሹክሹክታ ነገርኋት። ሁሉንም። እንግዲህ የእኔ ጀግንነት ይህ ነው፤ ለማይሰማ ጆሮ መናገር። ልጅቷ ድንገት ዞር ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሰማችኝ አልሁ በልቤ።

"አያቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ጆሮዬን ኮረኮርሽኝ!" አለች፤ እየሳቀች።

አሁን ሁለተኛ ልጅ ተወልዷል፤ ናሆም። መቅደስ ወደ ሥራ ተመልሳለች። ናሆም ከእኔ ጋር ይውላል። እናቱ መሣሪያ አታምንም። ጧት ስትወጣ፣ ማታ ስትገባ ሕፃኑን ታቀርብልኝና "እማማ፣ እጅዎን ያድርጉበት" ትለኛለች። ያን የተሳቀበትን እጅ! የመረጠችው የመጨረሻውን መለኪያ ነው። እጅ ስለ ትኩሳት ምን ያውቃል? በእጅ የሚለካ ሰው የራሱን እጅ ነው የሚለካው፤ እጁ ከቀዘቀዘ ልጁ ትኩስ፣ እጁ ከሞቀ ልጁ ደህና ነው። የእኔ ደግሞ በእርጅና ደንዝዟል። ስለዚህ ከፋርማሲ ዲጂታሉን ገዝቼ፣ መቅደስ ከመግባቷ በፊት ክንዱን ይዤ በብብቱ እለካዋለሁ፤ መለኪያው እስኪጮህ እጠብቃለሁ። አላምነውም፤ እደግመዋለሁ። በእንቅልፉም ቀስቅሼ የምለካው ቀን አለ። ከዚያ እሷ ስትመጣ እጄን ግንባሩ ላይ አሳርፌ ያወቅሁ መስዬ እነግራታለሁ። ዛሬም ቴርሞሜትር ደብቄ እዋሻለሁ።

ትናንት ናሆም ትኩሳት ነበረው። ዲጂታሉ ነገረኝ፤ እኔ በእጄ ያወቅሁ አስመስዬ "አሁኑኑ ውሰጂው" አልኋት። ይዛው ሮጠች። ጉንፋን ነበር፤ ደህና ነው። ስትመለስ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው። መዳፌን ገልብጣ ሳመችው። "እንደዚህ እጅ የለም እማማ፤ ያኔም ይህን እጅ ባምን ኖሮ" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ባሏም ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ደፋ። የተመኘሁትን አገኘሁ ማለት ነው። አሸነፍሁ። ሌሊቱን ያን የተሳመ እጅ ከሰውነቴ አርቄ ነው ያደርሁት።

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች። በሩን ከፍታ፣ እጇን ታጥባ፣ ሕፃኑን አንስታ ወደ እኔ ታቀርበዋለች። አልቀበላትም። "መሣሪያው አልዋሸሽም፤ ያኔ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ" እላታለሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩሉን እነግራታለሁ፤ ሽሮፑን እነግራታለሁ፤ እርግብግቢቷ ላይ ሳይደርስ የተመለሰውን እጄን እነግራታለሁ። ከዚያ አንተነህን፣ ከዚያ የንስሐ አባቴን። ይቅር በይኝ ግን አልላትም። ይቅርታ ብጠይቃት፣ ደግ ናትና ትሰጠኛለች፤ ያን ካደረገች ደግሞ የእኔን ሸክም ዳግመኛ ማሸከሜ ነው።

ብታባርረኝ ትክክል ናት። ልጆቹን ባታሳየኝ ትክክል ናት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሚያስፈራኝ መባረር አይደለም። ስነግራት መጀመሪያ ዓይኗ የሚሄደው ወደ አርሴማ ነው። ያን ዓይን ማየት አለብኝ፤ ፊቴን አላዞርም።